ጋሽ ላስቲክ ሽፋን ሲመርጥ

የእህቴን ባል ሰው ሁሉ «ጋሽ ላስቲክ» ነው የሚለው። ስሙን ያወጡለት የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ናቸው፤ እኔ የለሁበትም። እኔ ብሆን ኖሮ የባሰ አወጣለት ነበር።

ሥራው ንብረት ክፍል ነው። የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት መጋዘን ቁልፍ ወገቡ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው ፀጉሩ የሸበተው። መጋዘኑ ውስጥ አዳዲስ ወንበሮች ከነላስቲካቸው እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል፤ ፎቅ ላይ ያሉት ሠራተኞች ግን እግሩ በሽቦ የታሰረ ወንበር ላይ ሚዛን ጠብቀው ይቀመጣሉ። አንዷ ጸሐፊ ከወንበሯ ወድቃ እጇን ወለም ሲላት፣ እባክህ አንድ ወንበር አውጣላት ብለው ለመኑት አሉ። «አውጥቼላት ይሄም እንደዚያኛው ቢሰበርስ?» አላቸው። ይህን ሲነግሩኝ አልገረመኝም። ቤቱን አውቀዋለሁዋ!

ቤቱ ሶፋው ላስቲክ ለብሷል። በብርድ ጊዜ ስትቀመጡበት አጥንት ድረስ ይዘልቃል፤ በሙቀት ደግሞ ቆዳችሁ ላይ ተጣብቆ ስትነሱ ይልጣችኋል። ሪሞቱም ለብሷል፤ ቁጥሩ ስለማይታይ ድምፅ እጨምራለሁ ያለ ሰው ቴሌቪዥኑን ያጠፋዋል። የግድግዳው ሰዓት እንኳ የተሰቀለው ከነላስቲኩ ነው። ምንጣፉ ላይ ሌላ ምንጣፍ፣ እሱ ላይ ደግሞ ጨርቅ ተነጥፏል። የታችኛውን ምንጣፍ ቀለም እኔ አይቼው አላውቅም። እህቴ አረንጓዴ ነው ትላለች፤ እሷም ያየችው ሙሽራ ሆና የገባች ሰሞን ነው።

ይህን ሁሉ ጠይቃችሁት እንደሆነ መልሱ አንድ ነው፦ «ከአያያዝ ይቀደዳል።» ተረቱ ሙሉውን «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ነበር። የፊተኛውን ግማሽ ጥሎታል፤ ለአነጋገሩ መቼ ተጨንቆ ያውቃል!

እህቴ ደግሞ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበረች፤ አሁን ጡረታ ወጥታለች። እሱ ዕድሜውን ሙሉ ሲቆልፍ፣ እሷ ዕድሜዋን ሙሉ መጽሐፍ ስታውስ ኖራለች። ልጆቹ መጽሐፉን ዘይት አፍስሰውበት፣ ጠርዙን አጥፈውት ሲመልሱላት «አንብበሽዋል?» ብላ ነው የምትጠይቀው እንጂ «ምን አደረግሽው?» አትልም። እንዲህ ዓይነት ሴት እንዴት ከዚህ ሰውዬ ጋር ኖረች ብትሉኝ፣ እኔም ጠይቄያታለሁ። «ድሃ ሆኖ ያደገ ሰው አዲስ ዕቃ ሲያይ ያመዋል፤ አትፍረጂበት» አለችኝ። እኛስ ቤተ መንግሥት ነው እንዴ ያደግነው?

እህቴን በሕይወቷ አንድ ነገር ብቻ ሲያንገበግባት ኖሯል። ሦስት ቅጽ ያለው ወፍራም ልብ ወለድ ነበር። ሁለቱን በወጣትነቷ፣ ከዚያው ከማዋሻው ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጣ ጨርሳቸዋለች። ሦስተኛውን ልትጀምር ስትል አንድ አስተማሪ ተዋሰው። ከዚያ ተዛወረ፤ መጽሐፉም አብሮት ተዛወረ። ዳግመኛ አልታተመም። ሁለተኛው ቅጽ ሲያልቅ አንዲት ሴት ልጇን አዝላ ወንዝ ዳር ቆማለች፤ ጀልባው እየመጣ ነው፤ ከኋላዋ ደግሞ የሚያባርሯት ሰዎች አሉ። እንግዲህ እህቴ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሳህን ስታጥብም፣ መንገድ ስትሄድም ድንገት ቆም ትልና «ተሻገረች ይሆን?» ትላለች። እኔ ደግሞ «ኧረ እትዬ፣ የሌለች ሴት ናት፤ ብትሻገርስ ባትሻገርስ!» እላታለሁ። ትቀየመኛለች።

እንዲህ እያለች ዓይኗ ይደክም ጀመር። የዓይን ሐኪሟ ጋ ሦስት ሆነን ሄድን፤ እሷ፣ እኔና ጋሽ ላስቲክ። ሐኪሟ አልሸፋፈነችም። «የሚደበዝዘው መሀሉ ነው» አለቻት። «ዙሪያውን ያያሉ፤ የሚያተኩሩበትን ግን እያጡት ይሄዳሉ። ልናዘገየው እንሞክራለን፤ መመለስ ግን አይቻልም። ትልቅ ፊደል፣ ጥሩ ብርሃን ይጠቀሙ። የሚያነቡት ነገር ካለዎት ዛሬ ነገ አይበሉ።»

እህቴ አንገቷን ደፋች። ጋሽ ላስቲክ ጉሮሮውን ጠረገና «ዶክተር፣ መነጽር ካዘዙላት ማኅደሩ አብሮት ነው የሚሰጠው ወይስ ለብቻው ነው የሚገዛው?» አለ።

ልጃቸው ሌላ ከተማ ነው የሚሠራው። ወሬውን እንደሰማ መጣ፤ ባዶ እጁን አልመጣም። ኢ-ሪደር የሚሉትን፣ መጽሐፍ የሚጫንበትን ጠፍጣፋ ዕቃ ይዞ መጣ። እኛ «ማንበቢያው» አልነው፤ ሌላ ስም አላስፈለገውም። ሳሎን ውስጥ፣ ላስቲኩ ላይ ተቀምጠን ከሳጥኑ አወጣው። እናቱ ጭን ላይ አስቀመጠና በጣቱ ነካ ነካ ሲያደርገው ፊደሉ አደገ። ገና ያድጋል። አንዱ ቃል የጣት ቁመት አከለ። «እማዬ፣ እስቲ አንብቢልኝ» አላት።

እህቴ አነበበች። «ቅጽ ሦስት» የሚል ነበር። ልጁ ፈልጎ ፈልጎ አግኝቶት፣ ጭኖላት መጥቷል! ልጇን ግንባሩን ሳመችው። እኔ አለቀስኩ፤ ደግሞስ ለምን አላለቅስም?

«ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ!» አለ ጋሽ ላስቲክ። ከጭኗ ላይ በሁለት እጁ አነሳው። «መስታወት አይደለም እንዴ? ራቁቱን? በእጅ?»

«አባዬ፣ በእጅ ነው የሚነበበው» አለ ልጁ።

«መጀመሪያ ሽፋን ይገዛለታል። ቆዳ። ደህና ቆዳ። ከዚያ በኋላ እንዳሻት ታንብብ፤ ማን ከለከላት?»

ልጁ በማግስቱ ሥራ ስለነበረበት ሄደ። ጋሽ ላስቲክም ማንበቢያውን ሳጥኑ ውስጥ መለሰው፤ ሳጥኑን ላስቲክ አለበሰው፤ ላስቲኩን በፕላስተር አሸገው፤ ፕላስተሩ ላይ ደግሞ ፈረመበት። አዎ፣ ፈረመበት! መጋዘኑ ውስጥ እንዲህ ነው የሚሠሩት። የታሸገ ዕቃ ላይ ይፈረማል፤ የተፈረመበት ዕቃ ደግሞ ሦስት ሰው ያለበት ኮሚቴ ሳይቆም አይከፈትም። ቁም ሳጥኑ ላይ አስቀመጠው። ቁልፍ አላስፈለገውም፤ ፊርማው አለ።

«ጋሼ፣ ዓይኗ እኮ አይጠብቅም» አልኩት።

«ዓይን ቀስ እያለ ነው የሚሄደው» አለኝ። «ዕቃ ግን አንዴ ከተጫረ ተጫረ።»

ይህን የተናገረ ሰው በሰላም ወደ ሥራው ሄደ፤ መሬትም አልተከፈተችም።

ሽፋን ፍለጋው ተጀመረ። አንድ ቀን እህቴ «እባክሽ አብረሽው ሂጂና ቶሎ እንዲገዛ አድርጊ» ብላ ስለለመነችኝ ተከተልኩት። ሳጥኑን ፌስታል ውስጥ፣ ፌስታሉን ቦርሳ ውስጥ ከቶ፣ ቦርሳውን ደረቱ ላይ አቅፎ ነው የሄደው። መንገድ ላይ ያየን ሰው አራስ ልጅ የያዘ ይመስለዋል።

የሱቋ ሻጭ ደህና ልጅ ናት፤ ፈገግ ብላ ደረደረችለት። አንዱን አነሳችና «ይሄኛው ማግኔት አለው አባባ፤ ሲከፍቱት ዕቃው ራሱ ይበራል» አለችው።

«ራሱ? ሳይታዘዝ?» ብሎ ወደ ጎን ገፋው።

ወደ ኋላ የሚታጠፈውን አሳየችው። «ከታጠፈማ ጀርባው ጠረጴዛ ሊነካ ነው።» እጅ የሚገባበት ማንጠልጠያ ያለውን አሳየችው። «ላብ ይጠጣል።» ለቻርጀር ቀዳዳ ያለውን ስታሳየው ጭራሽ ተቆጣ። «በዚህ ቀዳዳ አቧራ እንዲገባ ነው?»

«አባባ፣ ቀዳዳ ከሌለው በምን ቻርጅ ያደርጉታል?»

«ካልነኩት መች ያልቃል?» አላት። እንደ ዓዋቂ ሰው፣ ረጋ ብሎ።

ቀጥሎ የቆዳውን እውነተኛነት ወደ መመርመር ገባ። አሸተተ። በጥፍሩ ጫረ። ወደ ብርሃን አዙሮ አየ። ከዚያ ከኪሱ ክብሪት አወጣ፤ ኦርጅናል ቆዳ ሲቃጠል የፀጉር ሽታ ይሸታል፣ የውሸቱ ግን ላስቲክ ላስቲክ ይላል ብሎ። ልጅቷ ዘላ ክብሪቱን ነጠቀችው። ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር፤ ያን ቀን ግን እህቴ ቤት ቁጭ ብላ እየጠበቀችኝ ነው።

«እሺ፣ ዕቃውን ያውጡትና ልኩን እንይ» አለች ልጅቷ፣ ትዕግሥቷ ሳያልቅ።

«የታሸገ ነው።»

«ይክፈቱታ!»

«ያለ ኮሚቴ?»

ልጅቷ ዞራ እኔን አየችኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

በዚህ ሁኔታ ያን ቀን በሰፈሩ ያልረገጥነው ሱቅ የለም፤ ከዚያ በኋላ ብቻውን ዞረ። አንድ ቀን ሜትሬን ተውሶ ሄደና፣ ደስ ብሎት ሽፋን ገዝቶ መጣ። ዕቃው ታሽጎ የለ? የለካው ሳጥኑን ነው! ሽፋኑ የመጋዘን መዝገብ የሚያክል ነበር። መለሰው። ሌላ ገዛ፤ ቀለሙ ቡናማ ነው ሲሉት ቀላ ያለ ሆኖ አገኘው። መለሰው። ሻጮቹ ከሩቅ ሲያዩት የምሳ ሰዓት ነው ብለው መዝጊያ መሳብ ጀመሩ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የምሠራባት ክፍል ከእህቴ ቤት በር ፊት ለፊት ናት። እኔ ልጅ ሆኜ የስፌት መኪና መርገጥ ከጀመርኩ ጊዜ አንስቶ መርፌዬ ላይ ክር የምታስገባልኝ እሷ ነበረች፤ ትዕግሥት የለኝምና። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እንደ ልማዷ መጣች፣ መርፌውን ተቀበለችኝ፣ ክሩን በከንፈሯ አረጠበች። አልገባላትም። ደገመች። ክሩ ከመርፌው ራስ በስተግራ በኩል አልፎ አየር ላይ ሄደ። እሷ ግን የገባ መስሏት ሳበችው።

«ገባልሽ» አለችና ሰጠችኝ።

«እሰይ፣ ተባረኪ እትዬ» አልኩና ዞር ብዬ ፊቴን ባልተሰፋ ሱሪ ጠረግሁ። ከዚያ ሐዘኑ አለፈና ንዴቱ መጣ። ምላጬን አነሳሁ።

«ተነሺ» አልኳት። «ወዴት?» «ቤትሽ።»

ሳጥኑን ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረድኩት። እህቴ እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ፊርማው! ፊርማው!»

«ፊርማው ከላይ ነው» አልኳት። «እኛ የምንከፍተው ከታች ነው።»

ላይ ላዩን ብቻ በሚጠብቅ ሰው ቤት፣ ከታች ማንም አይቶ አያውቅም። ላስቲኩን በምላጭ ሰነጠቅሁ፤ ማንበቢያውን አወጣሁ። በእሱ ፈንታ ከመታጠቢያ ቤቴ ግድግዳ የተረፈ ሴራሚክ አስገባሁ፤ ነጭ፣ መሀሉ ላይ ሰማያዊ አበባ ያለው። ወርዱ ትንሽ በለጥ ይላል እንጂ ሳጥኑ ውስጥ ልክክ ብሎ ገባ። የሰነጠቅሁትን ላስቲክ ካውያዬን ለብ አድርጌ አያያዝኩት። ባለሙያ ነኝ፤ ስፌት የት እንደሚደበቅ አውቃለሁ።

«ኃጢአት አይሆንብንም?» አለች እህቴ።

«ኃጢአቱን ለኔ ተዪው። አንቺ አንብቢ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጋሽ ላስቲክ ቁልፉን አንቀጫቅጮ ወደ መጋዘኑ ሲወጣ፣ እህቴ ማንበቢያውን ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ከታ መንገዱን ትሻገራለች። የኔ ክፍል በር ላይ፣ ብርሃኑ ደህና በሚገባበት፣ በርጩማ ላይ ትቀመጣለች። በቀጥታ ካየችው ስለማይታያት እንደ ዶሮ አንገቷን ዘንበል አድርጋ በጎን ነው የምታነበው። ቻርጁም እዚያው ከካውያዬ ሶኬት ነው። ማንበቢያው ክር ለበሰ፤ የስፌት መኪናዬ ዘይት ነካው፤ አንድ ቀን ከጭኗ ወድቆ ማዕዘኑ ተፈንክቷል። ሁለታችንም ደንግጠን ተያየን፤ አነሳችው፤ ይበራል። «ጎበዝ!» አለችውና ቀጠለች።

ሰፈሩ በሙሉ አውቋል። ልብስ ሊያሰፉ የሚመጡ ሴቶች ከልካቸው በፊት «ገና አልተሻገረችም?» ብለው ይጠይቃሉ። የእህቴ ልጅም በስልክ ሰምቶ ሆዱን ይዞ ስቋል። የማያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሱ ማታ ማታ ሳጥኑን አውርዶ በጨርቅ ይወለውለዋል፤ በመዳፉ መዘን መዘን ያደርገዋል። «ክብደቱ ደስ ይላል» ይላል። «ጥራት ያለው ዕቃ ከክብደቱ ይታወቃል።» ስለ መታጠቢያ ቤቴ ግድግዳ ነው የሚያወራው! እኔ ሻዬ ትን እያለኝ ነበር የማዳምጠው።

ነገሩ ሳቅ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ፊደሉ ግን እያደገ ሄደ። መጀመሪያ ሰሞን አንዱ ገጽ ብዙ መስመር ይይዝ ነበር። ቆየት ብሎ ጥቂት መስመር ሆነ። ከዚያ በቃ፣ ሦስት አራት ቃል ከያዘ ሞላ። ቶሎ ቶሎ መገልበጥ ነበረባት፤ ጣቷ አያርፍም። ምሳ እንኳ መብላት አስጠላት። «እትዬ፣ ዕረፊ» ስላት «ቀኑ ሳይመሽብኝ ልጨርስ» ትለኛለች፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ።

ጋሽ ላስቲክ በመጨረሻ ሱቆቹን ሁሉ ረግሞ ወደ ቆዳ ሰፊው ሄደ። ይሄ ቆዳ ሰፊ ቀበቶና ቦርሳ ይሠራል፤ እኔም የኮት ቁልፍ ማልበሻ ቁራጭ ቆዳ የምገዛው ከሱ ነው። ወሬ የማይጠይቅ፣ የታዘዘውን ብቻ የሚሠራ ሰው ነው። ጋሽ ላስቲክ ያለውን ቆዳ በሙሉ አስወርዶ ዳሰሰ፤ የጥጃ ቆዳ መረጠ፤ ውስጡ ከፋይ ይሁን አለ፤ ክሩ እጥፍ ይሁን አለ፤ ቀዳዳ የሚባል ነገር እንዳይኖረው አለ። ቆዳ ሰፊው «ሁሉም ይሆናል፤ ግን ልለካው፤ ዕቃውን ይተዉልኝ» አለው።

ጋሽ ላስቲክ ብዙ ቆሞ አሰበ። ከዚያ ጎን ያለውን ጫማ ጠጋኝ ጠርቶ «እናንተ ሁለታችሁ፣ እኔ ሦስተኛ፤ ኮሚቴ ነን» አላቸው። ሲከፈት ግን ማየት አልቻለም። «እኔ ውጭ ነኝ» ብሎ ወጣና መንገዱ ዳር ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ።

ቆዳ ሰፊው በኋላ ሲነግረኝ እንዲህ አለኝ፦ «ብከፍተው ሴራሚክ ነው። ጫማ ጠጋኙ እኔን አየኝ፣ እኔ እሱን አየሁት። ምን ልበል? ሰው ለውሻው ካፖርት ያሰፋል። ደግሞ ሲያስጠነቅቀኝ 'የባለቤቴ ነው፤ ጭረት እንዳላይበት' ብሎኛል። ባለቤቱ ሞታበት፣ የሠራችው ቤት ማስታወሻ መሰለኝ። አዘንኩለት። ልቤን ሰጥቼ ሰፋሁለት።»

እውነቱን ነው፤ ልቡን ሰጥቶ ነው የሰፋው። የጥጃ ቆዳው እንደ ጉንጭ ለስልሷል፤ ስፌቱ ቀጥ ብሏል። እኔ እንኳ ቀንቼበታለሁ።

ጋሽ ላስቲክ ተሸፍኖ የተሰጠውን ሳይከፍት፣ በከፋይ ከረጢት ጠቅልሎ ይዞት መጣ። ለቆዳው ሽፋን ከረጢት መሆኑ ነው፤ ቆዳም ይጫራላ! ከዚያ ለእረፍት ቀን ሁላችንንም ጠራን። ልጁ ከሥራው ከተማ መጣ። እህቴ ጥግ ላይ፣ መስኮቱ አጠገብ ሻርፕ ጭኗ ላይ ጣል አድርጋ ተቀመጠች። እኔ ላስቲኩ ላይ ተጣበቅሁ።

ክራባት አድርጓል። ቆሞ ንግግር አደረገ። «ሰዎች አምታችሁኛል» አለ። «ዘገየ ብላችኋል። ነገር ግን ከአያያዝ ይቀደዳል። አሁን ይሄ ዕቃ ለልጅ ልጅ ይተላለፋል። ባለቤቴ፣ ከዛሬ ጀምሮ እጅሽን ታጥበሽ ታነቢያለሽ።»

ልጁ ጫማውን ያያል፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ጋሽ ላስቲክ ከረጢቱን ፈታ፤ ቆዳውን በሁለት ጣቱ ገለጠው። ነጭ ሴራሚክ፣ መሀሉ ላይ ሰማያዊ አበባ።

በጣቱ ነካ ነካ አደረገው፤ ልጁ ያኔ እንዳደረገው። አልበራም። ገለበጠና ማብሪያውን ከጀርባው ፈለገ። እግዜር ያሳያችሁ፣ የሴራሚክ ማብሪያ!

«ይሄ... ይሄ ምንድን ነው?»

«ሴራሚክ ነው ጋሼ» አልኩት። «የኔ ነው።»

«ማንበቢያውስ?»

እህቴ ሻርፑን ገለጥ አደረገች። ማንበቢያው ጭኗ ላይ ነው፤ ራቁቱን፣ በርቶ፣ ማዕዘኑ እንደተፈነከተ። ጋሽ ላስቲክ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። «ሽፋን ሳይኖረው! ኧረ ተጭሯል! ኧረ ተሰብሯል! ማን ነው የከፈተው? ፊርማዬ...»

«ትንሽ ቀርታኛለች» አለች እህቴ፣ አንገቷን እንዳዘነበለች። «ጩኸትህን አቆይልኝ።»

ያ ሁሉ ሰው ቆሞና ተቀምጦ የአንዲትን ሴት ጣት ያይ ጀመር። ሦስት ቃል ታነባለች፣ ትገልጣለች። ሦስት ቃል፣ ትገልጣለች። አንዳንዱ ቃል ላይ ትቆይና ከንፈሯ ፊደል በፊደል ይለቅመዋል። በመጨረሻ ጣቷ ሲገፋ የሚገለጥ ጠፋ። ማንበቢያውን ደረቷ ላይ ለጠፈችና ዓይኗን ጨፈነች፤ እንባዋ በአፍንጫዋ ጎን ወረደ፤ ፈገግ ብላ ነበር።

ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች። ወደ ፊቱ አይደለም፤ ጆሮው አካባቢ ነው ያየችው፤ ፊቱ እንዲታያት እንደዚያ ማድረግ ነበረባት።

«አንተ ዕድሜህን ሙሉ ንብረት ክፍል ነህ» አለችው። «እስቲ ንገረኝ፤ ይሄ ዕቃ ቢሰበር ሌላ ይገኛል?»

«ይገኛል፣ ግን...»

«የኔ ዓይን መለዋወጫ አለው?»

ጋሽ ላስቲክ ሶፋው ላይ ቁጭ አለ፤ ላስቲኩ ብቻ ጮኸ።

ቆይቶ፣ አፍሮ፣ ማንበቢያውን ከእጇ ተቀብሎ ቆዳው ውስጥ ሊያስገባው ሞከረ። ሽፋኑ የተሰፋው በሴራሚኩ ልክ ነው፤ ማንበቢያው ተንሸራቶ ወጥቶ ወደቀ። ሁለተኛ ጊዜ መፈንከቱ ነው፤ ይሄኛውን ግን ራሱ ነው የጣለው። ሴራሚኩን መልሶ ሲያስገባው ልክክ አለ። አሁን ቡፌው ውስጥ፣ ከመስታወቱ ኋላ ተቀምጧል። አንድ ጭረት የለበትም። አንድ ቀን «ጋሼ፣ የመታጠቢያ ቤቴ ግድግዳ አንድ ወልቆብኛልና ሴራሚኬን ስጠኝ» ስለው፣ «ታዲያ ሽፋኑ ባዶውን ሊቀር ነው?» አለኝ። ከዚህ ሰውዬ ጋር ምን ትሟገታላችሁ!

ዝናቡ ሲገባ የእህቴ ዓይን መሀሉ ሄደ። ፊደል የቱንም ያህል ቢያድግ ለሷ ጭጋግ ነው። ሰው በድምፁ ትለያለች፤ መንገዱን ተሻግራ ስትመጣ እጇን እይዛታለሁ፤ መርፌዬን ራሴ እየተሳደብኩ አስገባለሁ።

አንድ ቀን የሰፋሁላትን ቀሚስ ላደርስላት ስገባ፣ ጋሽ ላስቲክ ሶፋው ላይ ከጎኗ ተቀምጧል። የሷ መቀመጫ ላይ ያለው ላስቲክ ተቀድዶ ወጥቷል፤ የሷ ብቻ፤ የሱ እንዳለ ነው። ማንበቢያውን ይዟል፤ ጣቱ እንዳያቆሽሸው በመሀረብ ነው የያዘው። መሀረቡ እያንሸራተተው ገጽ መግለጥ ስላቃተው ያላበዋል።

«መሀረቡን ጣለው» አለችው እህቴ።

ወደኔ አየ። ከዚያ መሀረቡን ኪሱ ከተተው። «ምን ላንብብልሽ?» አላት። ድምፁ ዕቃ ሲያስረክብ እንደሚያሰማው ዓይነት ነው። «ያንቺን ልጀምርልሽ? ቅጽ ሦስትን?»

«እሱን ዝለለው» አለችው። «እሱን በገዛ ዓይኔ አንብቤዋለሁ። ሌላ ፈልግ።»

ጥቂት ነካካው። ሌላ አላገኘም፤ ወይም አልፈለገም። እነዚያ ሁሉ ዓመታት ሳህን ስታጥብ የምትጠይቀውን እሱም ሰምቶታል እኮ፤ ሰው ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እና... ያቺ ሴት ተሻገረች?» አላት።

እህቴ ሳቀች። ያ የድሮው ሳቋ ነው።

«እሱ የታሸገ ነው» አለችው። «ያለ ኮሚቴ አይከፈትም።»